ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ምክራችሁን እሻለሁ

ጅማ ውስጥ የማስተርስ ጥናቴን በምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና እየሠራሁ ነው። ድባቴን የምለካው ፒኤችኪው-9 በተባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ወደ ባለሙያ እንዲላክ በዕቅዴ ጽፌአለሁ። ትናንት አንዲት ተማሪ 6 ብቻ አገኘች፤ ስለ ሞት ሐሳብ በሚጠይቀው ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ግን «አንዳንድ ቀናት» የሚለውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ደጋግማ አክብባዋለች። ስጠይቃት «እንዲያው ነው» ብላ ወጣች።

በስምምነት ቅጹ ምስጢር እንደምጠብቅ ቃል ገብቻለሁ። ሕይወትን የሚያሰጋ ነገር ሲገጥም ምን እንደማደርግ አልጻፍሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የጥናት አማካሪዬን በስልክ ላገኛቸው አልቻልሁም፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስልኳ አለኝ። ተመራማሪ ሆኜ ሳለ ዛሬውኑ ልደውልላት? ስሜቷን የምትገልጸው በአፋን ኦሮሞ ነውና፣ በቋንቋው የምታማክሩ ባለሙያዎች፣ ሳላስደነግጣት በምን ቃል ልጀምር?