የአባቴ ዲኤክስ ነዳጅ ስረግጥ ይንተፋተፋል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩት ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ መኪና አለኝ። ሞተሩ 4ኬ የሚባለው ባለ 1,290 ሲሲ ነው። የዚህ ሞተር ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) የተቀመጠው ከጭስ መውጫው ብረት በላይ ነው፤ ስለዚህ ትኩስ አየር ይስባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ በራሱ ሳስቷል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ በጣም ይለግምብኝ ነበር።

ቀዝቃዛ አየር ከፊት እንዲስብ ቱቦ ልሠራለት ተነሳሁ። መጀመሪያ የውሃ መስመር ፕላስቲክ ቱቦ ገጠምኩ። በሁለተኛው ቀን ከሙቀቱ ለስልሶ ጎበጠ። ከዚያ ከምናለሽ ተራ 3 ኢንች የብረት ቱቦ አገኘሁ። ከፊልትሮው (የአየር ማጣሪያው) ጣሳ አፍ ተነስቶ፣ በራዲያተሩ ጎን አልፎ፣ ከፊት መብራቱ ኋላ ያበቃል።

አሁን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ነዳጅ ስረግጥ ግን ትንፋሹ ቁርጥ ይልና ይንተፋተፋል፤ ከዚያ ይነሳል። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቼ ሳያቸው ነጣ ብለዋል። ቤንዚን ያነሰው ይመስለኛል። የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ ላሰፋው? ወይስ ቱቦው ነው የሰፋው?

ሌላም አለ። ከሞተሩ ክዳን ወደ ፊልትሮው ጣሳ ትገባ የነበረችውን ቀጭን ጎማ ነቅዬ፣ የጣሳውን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፌዋለሁ። ጎማዋ አሁን እንዲሁ ተንጠልጥላ ዘይት ትተፋለች። የት ልመልሳት?

የሰፈሬ መካኒክ «ወደ ነበረበት መልሰውና ተገላገል» አለኝ። እኔ ግን ዳገቱን ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ክረምቱም እየመጣ ነው፤ የቱቦው አፍ ዝናብ እንዳይስብ ወዴት ላዙረው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።