ተቀባይ ሲጠፋ ልጅቷን ለማን ልስጥ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የተማሪዎች ሰርቪስ ሹፌር ነኝ፤ ኮስተር ነው የምነዳው። ጠዋት ብዙም ችግር የለም። ጭንቁ ከሰዓት ነው።

አቶቴ አካባቢ የማወርዳት አንዲት የኬጂ ልጅ አለች። ክላክስ ባስጮህም በሩን የሚከፍት ይጠፋል። እናትየው ስልክ አታነሳም። አንዳንዴ አንድ ጎረቤት "አምጣት፣ እኔ ልቀበላት" ይላል። የማላውቀው ሰው ነው፤ እንዴት አምኜ ልስጥ? ቆሜ ስጠብቅ ከኋላ ባጃጆቹ ያጣድፉኛል። መኪናው ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ ወንበር ላይ መንጠላጠል ይጀምራሉ። ረዳት ይቀጠርልኝ ስል ትምህርት ቤቱ "እናስብበታለን" ብሎ ዝም! (የሰርቪስ ክፍያ ሲጨምሩ ግን "እናስብበታለን" ሲሉ አላየሁም።)

በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ እንዲህ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ልጅቷን ወደ ትምህርት ቤት ልመልሳት? የተቀባዮችን ስምና ፎቶ ከወላጅ አስፈርሞ የያዘ ካለ፣ እባካችሁ እንዴት እንዳደረገው ይንገረኝ።