ጅማ ላይ የዱር ዲስከስ፣ ውሃውን እንዴት ላድርገው?

አሳ ወዳዱ፦ ሰላም ጓዶች፣ 400 ሊትር አኳሪየም አለኝ፣ ስድስት የዱር ዲስከስ (ክብ ጠፍጣፋው የአማዞን አሳ) ላስገባበት አስቤ ነው። አማዞን እንዳሉበት አሸዋ፣ ግንድና ጠቆር ያለ ውሃ ብቻ። ግን ጅማ ማታ ማታ ይበርዳል መብራቱም እንደምታውቁት ነው፣ ምን ትላላችሁ?

የቆጪ ልጅ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ሙቀቱን አስብበት፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ነው የሚፈልጉት፣ አንድ ትልቅ ሂተር ከምትገዛ ሁለት መካከለኛ አድርግ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዝልሃል። መብራት ሲሄድ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ቶሎ የሚገድላቸው ግን ብርዱ ሳይሆን ኦክስጅን ማጣት ስለሆነ በባትሪ የሚሰራ የአየር ፓምፕ አይጥፋህ።

ጥቁር ውሃ፦ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ5 እስከ 6 ቢሆን አሪፍ ነው። ዝናብ እንደሆነ እኛ ጋ በሽ ነው ግን ከቆርቆሮ የወረደውን ተወው ዚንኩ አሳ ይጨርሳል፣ ላስቲክ ዘርግተህ ያዝ። ብቻውንም አትጠቀመው፣ ክሎሪኑ የወጣለት የቧንቧ ውሃ ቀላቅልበት አለዚያ ፒኤቹ ድንገት ይወርድብሃል። የደረቀ የዘይቱና ቅጠል ጣል ጣል ብታደርግበት ውሃው ሻይ ይመስላል፣ እርጥቡን ግን እንዳትከት።

አሳ ወዳዱ፦ የቡና ግንድስ? ጓሮ ሞልቷል

ጥቁር ውሃ፦ መድኃኒት ካልተረጨበት ይሆናል፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቅርፊቱን ልጠህ ቀቅለው። ደሞ ፊልተሩ ሳይበስል፣ ማለትም ቆሻሻ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሳይራቡበት፣ አሳ እንዳታስገባ፣ የዱሮቹ አሞኒያ (ከአሳ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) አይችሉም።