አስቸኳይ! ፎቁ በረዶ ሆኗል፣ የማሞቂያ ፓምፕ የት ይገኛል?

የሁለት ልጆች እናት፦
እባካችሁ እርዱኝ። የላይኛው ፎቅ ራዲያተሮች በሙሉ ቀዝቅዘዋል። የታችኛው ይሞቃል። ልጆቼ የሚተኙት ላይ ነው። እናቴም ከአዲስ አበባ ገና መምጣቷ ነው፤ ጋቢዋን ተከናንባ ኩርምት ብላለች። ሙቁን ውሃ የሚያዞረው ፓምፕ ሞቷል። እዚህ ለንደን ርካሽ ፓምፕ የት እንደሚገኝና ማን እንደሚገጥምልኝ ንገሩኝ። ዛሬውኑ!

አባ መላ፦
አየር ገብቶበት ነው። አየሩን አስወጪው፣ ያልቃል።

ፀደይ፦
አይዞሽ እታለም። ለዛሬ ሁላችሁም ታች ተኙ። ቡናም አፍሉ፣ የከሰሉ ሙቀት ራሱ ሳሎኑን ራዲያተር ያደርገዋል 😂

ብርድ ጠል፦
ፀደይ፣ ለቀልድም ቢሆን ይሄ ይቅር። እዚህ አገር ቤቱ ድፍን ነው፣ ንፋስ አያስገባም። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ሰው እንቅልፍ የጣለው እየመሰለው ይሞታል። ቡናውን በኩሽናው ምድጃ አፍሉት። እህቴ፣ ቦይለሩ (የራዲያተሮቹን ውሃ የሚያሞቀው ማሽን) ያለበት ክፍል የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወል አለው? የኪራይ ቤት ከሆነ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ቦይለር ባለበት መኖሪያ ክፍል ደወሉን መግጠም የአከራዩ ግዴታ ነው።

መምህሩ፦
ሁሉም ሰው ይህን ቢያውቅ ግማሹ ጥያቄ ባልተጠየቀ ነበር። ራዲያተሩን በእጃችሁ ዳብሱት። ከላይ ቀዝቅዞ ከታች ከሞቀ አየር ነው። ከላይ ሞቆ ከታች መሐሉ ላይ ከቀዘቀዘ ዝቃጭ ነው። ብረቱ ከውስጥ ሲዝግ እንደ ጠላ አተላ ሥሩ ይቀመጣል፤ አየር በማስወጣት አይድንም፣ መታጠብ አለበት። ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ብቻ ድርቅ ካለ ደግሞ በጎኑ ያለውን ቁጥር የተጻፈበት መቆጣጠሪያ ፍቱት። ከሥሩ ቀጭን ዘንግ አለች። ስትጫን ገብታ ራሷ መመለስ አለባት። ማሞቂያው በማይበራበት ሰመር (የእዚህ አገር በጋ) ሙሉ ሳትንቀሳቀስ ስለምትከርም ትጣበቃለች። ጫን ለቀቅ አድርጓት። በፒንሳ ግን አትጎትቷት፤ ተነቅላ ከወጣች ውሃው ወለሉን ያጥለቀልቃል። ኮምቢ ቦይለር (ታንከር የማይፈልገው ዓይነት) ያላችሁ አየር ካስወጣችሁ በኋላ የግፊት መለኪያውን እዩ። ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆን አለበት።

አባ መላ፦
ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ለምን? አየር ነው። ትንሿን የራዲያተር ቁልፍ ግዢ።

የቧንቧ ሰው፦
እህቴ፣ ፓምፕ አትግዢ። ገንዘብሽን ትጥያለሽ። የሞቀ ውሃ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ፓምፕ ሲሞት ብዙ ጊዜ ፎቁ ለብ ይላል፣ ታች ነው የሚቀዘቅዘው። ያንቺ ተቃራኒ ነው። ታች ሞቆ ፎቁ በሙሉ ከቀዘቀዘ ውሃው ጎድሏል፣ ላይ አልደረሰም። ቦይለሩ ላይ የግፊት መለኪያ አለ? ከኮርኒሱ በላይስ የውሃ ታንከር አለ? ቤቱ የራስሽ ነው የኪራይ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ኪራይ ነው። አከራዩ ስልክ አያነሳም። መለኪያ የለውም፣ በጣም የቆየ ቦይለር ነው። ባለቤቴ በመሰላል ወጥቶ አይቷል። አንድ ትልቅ ታንከር ውሃ አለው። አጠገቡ ትንሽ አለ፣ ባዶ ነው፤ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ያለባት ኳሷ ሥሩ ላይ ተኝታለች። ግን ትልቁ ሙሉ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

የቧንቧ ሰው፦
ችግሩ እሱ ነው! ትልቁ ለቧንቧ ውሃ ነው። ራዲያተሮቹን የምትመግበው ትንሿ ናት። አሁን ቦይለሩን አጥፉ፤ ውሃ በጎደለበት አታስኪዱት። የለንደን ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት የኳሷ ክንድ ነጭ ቅርፊት ይዞ ይደርቃል። ባለቤትሽ ክንዱን ቀስ አድርጎ ከፍ ዝቅ ያድርገው። ውሃ መምጣት አለበት። ካልመጣ ወደ ታንከሯ የሚገባው ቧንቧ ላይ የተዘጋ ቫልቭ ይፈልግ። ታንከሯን አፍ እስከ ገደፏ እንዳይሞላት፤ ሲሞቅ ውሃው ያብጣል፣ ቦታ ይፈልጋል። ኳሷ ከተንሳፈፈች ይበቃል።

ከዚያ ራዲያተሮቹ ሲቀዘቅዙ አየር አስወጡ፤ መጀመሪያ የታቹን፣ ቀጥሎ የላዩን። ጨርቅ ደግፋችሁ ቁልፉን ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ። ሽሽሽ ይላል። ውሃ ሲመጣ ዝጉ። ውሃው ጥቁር ቢሆን አትደንግጡ፣ ምንጣፉን ብቻ ጠብቁ።

አባ መላ፦
አየር ነው ብዬ ነበር እኮ።

የቧንቧ ሰው፦
አየሩማ አለ፣ አባ መላ። ግን ታንከሯ ደርቃ ሳለ አየሩ ቢወጣ ምን ሊተካው? እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ታንከሯ ሞልታ ውሃው ወደ ታች ካልወረደ መጋቢው ቧንቧ በዝቃጭ ተደፍኗል ማለት ነው። የፍሪጅ ማግኔት ቧንቧው ላይ አስጠጉ። መዳብ ማግኔት አይዝም። ከተጣበቀ ውስጡ ያለው የብረት ዝገት ነው፣ ባለሙያ ቆርጦ ያወጣዋል። ነገ ደግሞ የታንከሯን ውሃ ልክ እዩት። ዳግም ከጎደለ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ የቫልቮቹን ሥርና የታች ኮርኒሱን እርጥበት ፈትሹ።

ክሮይደን፦
እኔ የምለው፣ ለምን እናንተ ትለፋላችሁ? እ.ኤ.አ. የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 ማሞቂያውን የመጠገን ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል። ስልክ ካላነሳ በጽሑፍ ላኪለት፣ ቀኑ ይመዝገብ፣ የባዶዋን ታንከር ፎቶ አያይዢ። ምላሽ ከሌለ የአካባቢሽ ካውንስል ዘንድ ሂጂ። የቦይለሩን ሆድ ደግሞ በጋዝ ሴፍ (የጋዝ ባለሙያዎች መዝገብ) የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው መክፈት ያለበት። ጋዝ ከሸተታችሁ 0800 111 999፣ ሌሊትም ይሠራል።

ፀደይ፦
ከሰሉን ትቻለሁ፣ ብርድ ጠል ልክ ነህ። እህቴ፣ ውሃው መጣ ወይ? እናታችን እንዴት አደሩ?

ሌዊሻም፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ልግባና፣ የእኔ ግልባጩ ነው። ፎቁ ይሞቃል፣ ሳሎኑ በረዶ ነው። ታንከሯ ሙሉ ናት። እኔም ታንከሯን ልነካካ?

የቧንቧ ሰው፦
አትንካት። ያንተ ፓምፕ ነው የሚመስለው። ማሞቂያው በርቶ ሳለ ፓምፑ ላይ እጅህን ለአፍታ ጫን፣ ሊያቃጥል ስለሚችል ተጠንቀቅ። መንዘር አለበት። ዝም ካለ ኤሌክትሪኩን አጥፋ፣ ይቀዝቅዝ። የድሮ ፓምፕ ከሆነ መሐሉ ላይ ትልቅ ብሎን አለ። ስትፈታው ጥቂት ውሃ ይንጠባጠባል። ውስጡ ያለውን ዘንግ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አዙረው። ተጣብቆ ከሆነ ይላቀቃል። ካልዞረ እሱን ነው የምትለውጠው።