ብርቅዬ መጻሕፍት ዳግም ሲታተሙ እንደ ነበሩ ይቅረቡ ወይስ ለዛሬ አንባቢ ይስተካከሉ?

የታሪክ ተመራማሪ፦

ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደሩ ቤተ መጻሕፍት በእጃቸው ያሉ ብርቅዬ ጥንታዊ መጻሕፍትን ዳግም ለማሳተም በጀት ሲይዙ፣ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥተው እንደ ነበረ ያትሙት ወይስ ፊደሉን እንደ አዲስ አስለቅመው (ጽሑፉን ለኅትመት ዳግም አስደርድረው)፣ አጻጻፉን አስተካክለውና ማብራሪያ አክለው ያውጡት? በጀቱ ለሁለቱም እንደማይበቃ ከወዲሁ እንያዝ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይኸው ነውና።

የእኔ አቋም እንደ ነበረ ይታተም የሚል ነው። ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ አውጉስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ላይፕዚግ ላይ ያሳተመውን፣ የግእዝ ቃላትን በላቲን የሚፈታውን መዝገበ ቃላት እንውሰድ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1970 እንደ ነበረ ዳግም ታትሟል። የግእዝ ሊቃውንት ከእርሱ ሲጠቅሱ የሚጽፉት የዓምዱን ቁጥር ነው። ዳግም ኅትመቱ ዓምዶቹን ስላልነካ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈ ጥናት ግርጌ ላይ የሚገኝ ጥቅስ ዛሬም አንባቢውን በቀጥታ ወደ ትክክለኛው ቦታ ያደርሰዋል። ፊደሉ እንደ አዲስ ተለቅሞ፣ ገጹ ሰፍቶ ወይም ጠቦ ቢሆን ኖሮ ግን ስንት ትውልድ የደከመበት የጥቅስ መረብ በአንድ ጊዜ በተበጣጠሰ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አርታዒ እንደ ስሕተት ቆጥሮ የሚያርመው ነገር ለሌላ ባለሙያ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ሕዝቡ በዚያ ዘመን አንድን ቃል እንዴት ይጠራው እንደ ነበር የምንገምተው ብዙውን ጊዜ ወጥ ካልሆነው አጻጻፍ ተነሥተን ነው። አጻጻፉን ወጥ ያደረገ ሰው ይህን ምልክት ለዘለዓለም ባይሆን እንኳ ለዚያ እትም አንባቢ አጥፍቶታል።

አርታዒ፦

የተከበሩ ተመራማሪ፣ የመረጡት ምሳሌ መዝገበ ቃላት መሆኑ ክርክሩን አቅልሎልዎታል። መዝገበ ቃላት የሚገለጠው አንድ ቃል ሲፈለግ ነው፤ ገላጩም የሙያው ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዳር እስከ ዳር ሊነበብ የሚገባው የጉዞ ማስታወሻ፣ የዕፅዋት መጽሐፍ፣ የሕክምና መድበል ነው። እነዚህ መጻሕፍት ከመጋዘን ወጥተው እንደ ነበሩ ሲታተሙ ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላ መደርደሪያ ተዛወሩ እንጂ አንባቢ አገኙ አልልም።

እስከ እ.ኤ.አ. 1800 ገደማ በታተሙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ «ኤስ» የተባለው ፊደል በቃል መጀመሪያና መካከል ሲገባ ረዝሞ ስለሚጻፍ «ኤፍ»ን ይመስላል። ያልለመደ አንባቢ በየመስመሩ ይደናቀፋል፤ ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራምም ሁለቱን እያምታታ ጽሑፉን ያበላሸዋል። ከዚህ በተጨማሪ ዛሬ ትርጉማቸው የተለወጠ የበሽታና የመድኃኒት ስሞች፣ የቀሩ የክብደት መለኪያዎች፣ ምንጫቸው ያልተጠቀሰ የላቲን ጥቅሶች አሉ። እነዚህን ሁሉ ያለ ማብራሪያ ለአንባቢ ማቅረብ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ለዓይነ ስውር አንባቢ ደግሞ የገጽ ፎቶ ከባዶ ወረቀት አይለይም፤ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው መሣሪያ የሚያነበው ፊደል እንጂ ምስል አይደለምና።

ምስሉ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ጋሊካ የተሰኘውን የዲጂታል ስብስቡን ከከፈተበት ከእ.ኤ.አ. 1997 ወዲህ፣ ጎግልም ከታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ጋር ተስማምቶ መጻሕፍትን በገፍ መቃኘት ከጀመረበት ከእ.ኤ.አ. 2004 ወዲህ፣ እጅግ ብዙ የጥንታዊ መጻሕፍት ምስል በነጻ ይገኛል። ምስል ፈላጊው እዚያ ካገኘ፣ ጥቂቱ የኅትመት ገንዘብ ማንም በነጻ ወደማይሠራው ወደ ለቀማው፣ ወደ እርማቱና ወደ ማብራሪያው ሊሄድ ይገባል።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦

ሁለታችሁም «መጽሐፉ እንደ ነበረ» ስትሉ ነገሩን እንደ ተረጋገጠ ወስዳችሁታል። በእጅ በሚሠራ የማተሚያ መኪና ዘመን ለታተሙ መጻሕፍት ግን ይህ አባባል በቀላሉ አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1623 የታተመውን የሼክስፒር ተውኔቶች ታላቅ መድበል ተመልከቱ። ኅትመቱ እየተካሄደ ሳለ ስሕተት ሲገኝ መኪናው ቆሞ ፊደሉ ይታረም ነበር፤ ከእርማቱ በፊት የታተሙት ወረቀቶች ግን አይጣሉም፤ ከታረሙት ጋር ተደባልቀው ይጠረዛሉ። በዚህም ምክንያት አንዱ ቅጂ ከሌላው ይለያል። የሼክስፒር ኅትመቶች ተመራማሪው ቻርልተን ሂንማን በዋሽንግተኑ የፎልገር ቤተ መጻሕፍት ያሉትን ቅጂዎች ቃል በቃል አስተያይቶ፣ የታረሙትንና የጠሩትን ገጾች ከተለያዩ ቅጂዎች መርጦ በ1968 የፎቶ እትም አወጣ። ሥራው ታላቅ ነው፤ ሆኖም የተገኘው መጽሐፍ በ1623 ማንም ገዝቶ ቤቱ ያስገባው አልነበረም። ስለዚህ ፎቶም አርትዖት አለበት። ልዩነቱ ሂንማን ያደረገውን በግልጽ መናገሩ ነው።

በየዕለቱ የማየው ችግር ግን ከዚህ እጅግ ዝቅ ያለ ነው። ገጹን በጥቁርና ነጭ ብቻ የሚቃኙ አሳታሚዎች አሉ፤ መካከለኛውን ግራጫ መሣሪያው ይጥለዋል። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ጥላውን የሚያገኘው ከቀጫጭን መስመሮች ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ሲቃኝ ወይ መስመሮቹ ተዋሕደው ጥቁር ጭቃ ይመስላሉ ወይ ከነጭራሹ ይጠፋሉ። ቀለሙ ወደ ጀርባ ያለፈበት ስስ ወረቀት ደግሞ የማዶውን ገጽ ፊደላት እንደ ነጠብጣብ ይረጭበታል። ታጥፎ የተጠረዘ ካርታ ሳይዘረጋ ፎቶ ተነሥቶ፣ አንባቢው የካርታውን ጀርባና እጥፋቱን ብቻ የሚያይበት እትምም በእጄ ገብቶ ያውቃል። ይህን «እንደ ነበረ» ብሎ መሸጥ አንባቢን ማታለል ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ስመለከት እውነቴን ነው የምላችሁ እበሳጫለሁ።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ከፎቶና ከለቀማ ምርጫ ይቀድማል። የትኛው ቤተ መጻሕፍት ያለው የትኛው ቅጂ እንደ ተነሣ፣ የጎደለ ገጽ እንዳለ፣ ከሌላ ቅጂ የተሞላ እንደ ሆነ፣ ምስሉ ተጠርጎ እንደ ሆነ የማይገልጽ ዳግም ኅትመት በሕዝብ ገንዘብ መታተም የለበትም።

መጽሐፍ ሰብሳቢ፦

የእኅታችን አርታዒ ሐሳብ ለአብዛኛው መጽሐፍ ትክክል ነው፤ ሥዕል ለሚበዛባቸው ግን አይሠራም። የሐኪሙ የቬሳሊየስ የሰው አካል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1543 ሲወጣ ሥዕሎቹ የታተሙት በእንጨት ላይ ተቀርጸው ነበር። እነዚያው እንጨቶች ሙኒክ ውስጥ ተገኝተው በ1934 ሥዕሎቹ ከእነርሱ ላይ በቀጥታ ዳግም ታተሙ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን እንጨቶቹ በቦምብ ተቃጠሉ። ያን ጊዜ «ምን አስቸኮለን» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያ እትም አይኖርም ነበር።

የባለሙያውን የመጨረሻ ነጥብ ደግሞ በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያወጣው የከዋክብት መጽሐፍ ቅጂ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ኒው ዮርክ ያሉ ነጋዴዎች የገዙትና የጋሊሊዮ ፊርማና ሥዕሎች አሉበት የተባለው ጥራዝ ሐሰተኛ መሆኑ በ2012 ይፋ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ምሁራን መርምረውት እውነተኛ ነው ብለውት ነበር። የዛሬው ቴክኒክ እዚህ ደርሷልና፣ በአሮጌ ወረቀት አምሳል የሚወጣ ማንኛውም ዳግም ኅትመት የታተመበት ዓመት በማይነቀል ቦታ፣ ለምሳሌ በየሉሁ ግርጌ፣ ሊጻፍበት ይገባል።

የታሪክ ተመራማሪ፦

የቅጂው ማንነት ይገለጽ የሚለውን ያለ ምንም ማንገራገር እቀበላለሁ፤ እንዲያውም የገንዘብ ድጋፉ ቅድመ ሁኔታ ይሁን። ከአርታዒዋ ጋር የማልስማማው ግን በአንድ ነገር ነው። ማብራሪያ ይጨመር፣ መግቢያ ይጻፍ፣ ማውጫ ይዘጋጅ፤ አጻጻፉ ግን አይነካ። ምስሉ በነጻ ይገኛል የሚለውም መልስ ከምስሉ ጋር የሚያገናኝ የገጽ ቁጥር በአዲሱ እትም ኅዳግ ላይ ካልተቀመጠ ለተመራማሪ ምንም አይጠቅመውም።

አርታዒ፦

የመጀመሪያውን እትም ገጽ ቁጥር በኅዳግ ማስቀመጥ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጥንቁቅ አርታዒዎችም ያደርጉታል። በአጻጻፉ ግን አልስማማም። የጠፋ ፊደልን በዛሬው መተካት፣ ሥርዓተ ነጥብን ማስተካከል ቃሉን አይለውጠውም። ቃሉን ራሱን የሚነካ እርማት ካለ በግርጌ ይመዝገብ። ይህን ዋስትና ከሰጠሁ በኋላ አንባቢው በየመስመሩ እንዲደናቀፍ የምፈርድበት ምክንያት አይታየኝም።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፦

ስለ አጻጻፉ ክርክሩ ይቀጥል፤ ነገር ግን ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ ነገር ልጨምር። እስካሁን በምሳሌነት የተነሡት እጅግ የቆዩት መጻሕፍት የታተሙት ከጨርቅ በተሠራ ወረቀት ላይ ስለሆነ ብዙዎቹ አሁንም ጠንካራ ናቸው። በችኮላ እያጣናቸው ያሉት ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ከእንጨት በተሠራ አሲዳማ ወረቀት ላይ የታተሙት ናቸው፤ ገጻቸው ቡናማ ሆኖ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ሲገለጥ ይፈረፈራል። ከታተሙ ብዙ ዘመን ስላልሆናቸው «ብርቅዬ» የሚል ስም አልተሰጣቸውም፤ ዋጋቸውም ዝቅተኛ ስለሆነ ማንም አይሳሳላቸውም። ለእነዚህ መጻሕፍት የአጻጻፉ ክርክር እስኪያልቅ መጠበቅ አይቻልም። አሁኑኑ በጥራት ፎቶ ይነሡ፤ የሚታተመውም እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አይሶ 9706 የተባለው መስፈርት በሚጠይቀው ዘላቂ ወረቀት ላይ ይሁን፤ ለቀማውና ማብራሪያው ከዚያ በኋላ ሊደርስ ይችላል።