ስልኬን ማን ይፈትሽ? በ«ቻት ኮንትሮል» ላይ የጦፈ ክርክር

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ርዕስ በዋናነት አውሮፓ ያለነውን ይመለከታል። ሌላ አገር ያላችሁም ዋትሳፕ ከተጠቀማችሁ አታመልጡም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በሜይ 2022 አንድ የሕግ ረቂቅ አቀረበ። ዓላማው በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የሚያሳዩ ምስሎችንና ልጆችን የማባበል ወንጀልን ከኢንተርኔት መንቀል ነው። በዚህ ማንም አይጣላም። ጠቡ ያለው ዘዴው ላይ ነው። ኩባንያዎች ትዕዛዝ ሲደርሳቸው የደንበኞቻቸውን የግል መልእክት እንዲፈትሹ ያስገድድ ነበር፤ የተመሰጠረውንም ጭምር። ተቃዋሚዎቹ «ቻት ኮንትሮል» ብለው ስም አወጡለት። ሲጓተት ሲጓተት ኖሮ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 2025 የአባል አገራቱ አምባሳደሮች አንድ አቋም ላይ ደረሱ፦ ግዴታው ይቅር፣ ፍተሻው በኩባንያዎቹ ፈቃድ ይቀጥል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ከአውሮፓ ፓርላማ ጋር የሚደረግ ድርድር ነበር።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ልጆችን ለማዳን ተብሎ የሁሉም ሰው መልእክት ይፈተሽ? አወያይ ነኝ ብዬ ገለልተኛ አልመስልም፤ እኔ አይፈተሽ ባይ ነኝ። ስድብ ግን አልፈቅድም።

የማልሞዋ፦ እኔ ይፈተሽ ባይ ነኝ። እዚህ ቤት ብቻዬን እንደምቀርም አውቃለሁ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። ልጆች ችግር ሲገጥማቸው ቢሮዎች ይጠሩኛል። ዝርዝር አልናገርም። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጌም ላይ «ጓደኛ» አገኘች። መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቷ ጠየቃት። ከዚያ ወደ ሌላ አፕ እንሂድ አላት። ከዚያ ፎቶ። ከዚያ «ሌላ ካልላክሽ ይሄኛውን ለእናትሽ አሳያታለሁ»። እናትየዋ ስዊድንኛ አታነብም። የሰውየውን መልእክት አንድ በአንድ በአማርኛ የነገርኳት እኔ ነኝ። እናንተ ስለ መርህ ስታወሩ እኔ የምትታየኝ ያቺ እናት ናት። የግል ሕይወት ይከበር ስትሉ፣ የማን የግል ሕይወት እላለሁ።

ኮድ ቆጣሪ፦ እህቴ፣ የነገርሽን ነገር ለማንም አይስጥ። ስለ አሠራሩ ግን ትንሽ ልበል፤ እንጀራዬ ስለሆነ።

ፍተሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቀድሞ የታወቀ ምስልን መፈለግ ነው። ምስሉ ወደ ቁጥር ይቀየርና ከተዘጋጀ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ማይክሮሶፍት በ2009 ያወጣው ፎቶዲኤንኤ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ደህና ነው፣ ብዙ አይሳሳትም። ሁለተኛው አዲስ ምስልንና የማባበል ንግግርን ማሽን በግምት እንዲለይ ማድረግ ነው። አንቺ ያነሳሽው ጉዳይ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ማሽኑ በጣም የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ሌላው ደግሞ ምስጠራው ነው። ዋትሳፕና ሲግናል ላይ መልእክት የሚቆለፈው በላኪው ስልክ ነው፣ የሚከፈተው በተቀባዩ ስልክ። መሐል ላይ ያለው ኩባንያ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ መፈተሽ የሚቻለው ሳይቆለፍ በፊት፣ ስልክሽ ውስጥ ብቻ ነው። አፕል በኦገስት 2021 ወደ አይክላውድ (የራሱ የኢንተርኔት ማስቀመጫ) በሚላኩ ፎቶዎች ላይ ይህንኑ ሊያደርግ ነበር። ጉድ ተባለ። ተመራማሪዎች ማመሳከሪያውን የሚያታልሉ ምስሎች ለመሥራት ሳምንታት እንኳ አልፈጀባቸውም። አፕል በዲሴምበር 2022 እቅዱን ጣለው።

አስቢው፦ ስልኩ የሚፈልገውን ነገር አያውቅም፣ የሚያመሳስለው ቁጥር ነው። ዛሬ ዝርዝሩ ውስጥ የልጆች ጥቃት ምስል አለ። ነገ አንድ መንግሥት የተቃውሞ ፖስተር ቢከትበት ስልኩ ልዩነቱን አያይም። አንቺም አታይም።

የማልሞዋ፦ ነገ፣ ነገ። የዛሬዋ ልጅስ? የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በዲሴምበር 2023 ሜሴንጀርን ማንም ሳይጠይቀው በራሱ መመስጠር ጀመረ። ለአሜሪካው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ማዕከል የሚደርሰው ጥቆማ በ2023 36.2 ሚሊዮን ነበር። በ2024 20.5 ሚሊዮን ሆነ። ወንጀሉ ቀነሰ ልትሉኝ ነው? እኛ ማየት አቆምን እንጂ።

ኮድ ቆጣሪ፦ ከፊሉ የቀነሰው ማዕከሉ ተመሳሳይ ጥቆማዎችን አንድ ላይ ማሰር ስለጀመረ ነው። ከፊሉ ግን አንቺ ያልሽው ነው፣ አልክድም።

ከቁጥሩ ጀርባ ግን ማን እንዳለም እንይ። የጀርመን ፌደራል ወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት በ2024 ከ205 ሺህ በላይ ጥቆማ ደረሰው። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ወንጀል አልነበረበትም። አየርላንድ በ2020 4,192 ጥቆማ ደርሷት፣ የልጆች ጥቃት ምስል መሆኑ የተረጋገጠው 852 ነበር። 471ዱ ደግሞ ጭራሽ የተሳሳተ ጥቆማ ነበር።

አንድ ሰው ልጥቀስ። ሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አባት ነው። በ2021፣ በኮቪድ ሰሞን፣ ሕፃን ልጁ ብልቱ አካባቢ አበጠበት። ነርሷ ፎቶ ላኩልን፣ ሐኪሙ በቪዲዮ ያያል አለች። ሰውየው በአንድሮይድ ስልኩ አንስቶ ላከ። ልጁ መድኃኒት ታዘዘለትና ዳነ። ፎቶው ግን በራሱ ጊዜ የጉግል የኢንተርኔት ማስቀመጫ ውስጥ ገብቶ ነበር። የጉግል ማሽን «የልጆች ጥቃት» አለው። ኢሜይሉ፣ ስልክ ቁጥሩ፣ የዓመታት ፎቶው ሁሉ ተዘጋበት። ፖሊስ መርምሮ ነፃ ነው አለ። ጉግል ግን አካውንቱን አልመለሰም። ታሪኩን ኒውዮርክ ታይምስ በ2022 አወጣው።

ጋሼ ከሮም፦ ልጆች፣ ሽማግሌ ይናገር። እኔ የምደብቀው የለኝም። ፖሊስ ስልኬን ቢከፍት የሚያገኘው የእድር ሒሳብና «እንዴት አደራችሁ» የሚል የአበባ ፎቶ ነው። ያንብቡት። ምናልባት እድሩን ያልከፈሉትን ይነግሩልኛል።

ከሙኒክ፦ ጋሼ፣ አበባዎ እኔም ጋ ይደርሳል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። የአባል አገራቱ መንግሥታት ምክር ቤት ሲወያይባቸው የነበሩት ረቂቆች ውስጥ የፖሊስ፣ የጦርና የደኅንነት ሰዎች የሥራ አካውንት እንዳይፈተሽ የሚል ነበረበት። ለእኛ ምንም አይጎዳም ከተባለ እነሱን ምን ይጎዳቸዋል? የምደብቀው የለኝም የሚለው ሰው እርስዎ ብቻ ሆኑ ማለት ነው።

ደግሞ ቤልጂየም በ2024 ያመጣችው ሐሳብ ነበር። ለፍተሻ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ትጫናላችሁ። ካልተጫናችሁ ጽሑፍ እንጂ ፎቶ መላክ አትችሉም። ይህንን ነው ፈቃድ የሚሉት። የእርስዎ አበባ ቀረች፣ ጋሼ።

ግዴታው የቀረው ጀርመን እምቢ ስላለች ነው። የምክር ቤቱ ተራ ሊቀመንበር የነበረችው ዴንማርክ ለኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድምፅ ልታሰጥ ነበር። ቀኑ ሳይደርስ የጀርመን የፍትሕ ሚኒስትር ሽቴፋኒ ሁቢግ ያለ ጥርጣሬ ቻት መፈተሽ በሕግ በሚመራ አገር ነውር ነው አሉ። የገዢው ፓርቲ የፓርላማ መሪ የንስ ሽፓንም፣ ለጥንቃቄ ተብሎ የሁሉንም ሰው ፖስታ እንደ መክፈት ነው ብለው ተቃወሙ። ስታሲን፣ የምሥራቅ ጀርመንን የስለላ ፖሊስ፣ ያሳለፈ አገር ነው፣ ፖስታ መክፈት ምን እንደሆነ ያውቁታል።

የማልሞዋ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብናል። አገር ቤት የደረሰብንን ይዘን መጥተን እዚህ ያለውን ሕግ ሁሉ በዚያ እንለካለን። እዚህ ፍርድ ቤት አለ። ጋዜጠኛ አለ።

ከሙኒክ፦ እባቡ የተፈለፈለው እዚሁ እኔ ሰፈር ነው! ፊንፊሸር የሚባለው የስለላ ሶፍትዌር ኩባንያ መቀመጫው ሙኒክ ነበር። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2013 ያጋለጠው ትዝ ይልሻል? የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ የሚመጣ ፋይል ነበር። ስትከፍችው ሰላዩ ፕሮግራም ኮምፒውተርሽ ውስጥ ይገባል። ኢሳት ውስጥ የሚሠሩ ጋዜጠኞች ላይ ደግሞ የሚላኑ ሃኪንግ ቲም ሶፍትዌር እንደተሞከረባቸው በ2014 ወጣ። ሁለቱም የአውሮፓ ምርት ናቸው።

ፍርድ ቤት አለ ላልሽው ደግሞ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ኢትዮጵያዊ-አሜሪካዊ ነበር። የኢትዮጵያን መንግሥት የከሰሰው «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው፣ እውነተኛ ስሙን መስጠት ፈርቶ። ክሱ እንደሚለው አንድ የወርድ ፋይል ከፈተ፤ ከዚያ የስካይፕ ጥሪው ሳይቀር ለወራት ተቀዳ። ቤተሰቡ የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ነው። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ምን አለ? ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን መክሰስ አትችልም። በቃ።

የማልሞዋ፦ እሱ ስለላ ነው። ይሄ በፓርላማ ፊት የሚወጣ ሕግ ነው። አታደባልቁ።

አወያይ፦ እዚህ ላይ እውነቷን ነው። ፊንፊሸር የተመረጠ ሰው ላይ ነው የተተኮሰው።

ኮድ ቆጣሪ፦ ልዩነቱስ ምን ይላል? ያኔ ለእያንዳንዱ ሰው ወጥመድ እየሠሩ መላክ ነበረባቸው። ተጎጂው ፋይሉን ካልከፈተ ድካማቸው መና ይቀራል። የግዴታ ፍተሻ ቢጸድቅ ኖሮ ፕሮግራሙ ከአፑ ጋር ተጭኖ ይመጣል። ማጥመድ አያስፈልግም።

ከአዲስ አበባ፦ ከዚህ ሆኜ ሳነባችሁ ይገርመኛል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ፖስታችን፣ ስልካችንና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነታችን አይደፈርም ይላል። በ2024 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321። ጥሩ ወረቀት ነው። ፍተሻ ላይ «ስልክህን ክፈት» ስትባል ግን አንቀጽ አትጠቅስም። ጣትህን ታስነካለህ።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። በ2014 የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ሲከሰሱ፣ ራሳቸውን ኢንተርኔት ላይ እንዴት እንደሚጠብቁ መሠልጠናቸው ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። መመስጠር ራሱ ጥርጣሬ ሆነ። አውሮፓ «የተመሰጠረ መልእክት አደገኛ ነው» የሚል ሕግ ካወጣች፣ እዚህ ያለ ባለሥልጣን ምን እንደሚል ልንገራችሁ? «ብራስልስም እኮ ይፈትሻል።» ያን ቀን ከማን ጋር ትከራከራለህ?

ከዱባይ፦ እናንተ ስለ መልእክት ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኛ ጋ የዋትሳፕ ጥሪ እንኳ ዝግ ነው። በ2019 ቶቶክ የሚባል አፕ መጣና ጥሪው ያለ ችግር ሠራ። ሁላችንም ጫንን። ወዲያው የመንግሥት መሰለያ ነው የሚል ዜና ወጣ፤ ኩባንያው አስተባበለ። እኔ ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር የማወራው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ነው።

የማልሞዋ፦ እሺ። ሁላችሁም የማይሆነውን ነገራችሁኝ። የሚሆነውስ?

አወያይ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ፓርላማ በኖቬምበር 2023 የያዘው አቋም ለእኔ ይሆናል። ተጨባጭ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ወይም ቡድን ላይ፣ በዳኛ ትዕዛዝ ይፈተሽ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ፣ የተመሰጠረው አይነካ። አፖቹ ከመጀመሪያው ልጅን እንዲጠብቁ ሆነው ይሠሩ። የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በፌብሩዋሪ 2024፣ አንድ የቴሌግራም ተጠቃሚ ሩሲያን በከሰሰበት ጉዳይ፣ የሁሉንም ሰው ምስጠራ ማዳከም ተመጣጣኝ አይደለም ብሎ ፈርዷል።

ሌላም አለ፣ ይሄ ያናድደኛል። የጀርመን ፖሊስ በ2021 «ቦይስታውን» የሚባለውን ትልቅ የወንጀለኞች መድረክ ዘጋ። ጋዜጠኞች በዓመቱ መጨረሻ ሲያዩ ምስሎቹ ተራ የፋይል ማስቀመጫ ድረ ገጾች ላይ እንዳሉ ናቸው። ለኩባንያዎቹ ነገሯቸው፤ ወዲያው ወረዱ። ፖሊስ ያላስወረደው የሰው ኃይል የለንም ብሎ ነው። የሚታወቀውን ለማውረድ ሰው ያጣ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር አዲስ ጥቆማ ሲጎርፍበት ምን ሊያደርገው ነው?

የማልሞዋ፦ ይሄኛው ገብቶኛል። ግን «ጥርጣሬ ያለበት ላይ ብቻ» ስትል፣ ማን ይጠርጥር? ያቺ ልጅ ለማንም አልተናገረችም። እናቷ አታነብም። ዳኛው ጋ የሚደረሰው ልጅቷ ከተጎዳች በኋላ ነው።

ኮድ ቆጣሪ፦ ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። የማያውቃት ሰው ለልጅ አካውንት እንዳይጽፍ ከመነሻው መዝጋት ይቻላል። ይህ ማንንም ሳይፈትሹ የሚሠራ ነገር ነው። በቂ ነው ግን አልልሽም።

ጋሼ ከሮም፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ እኛ የምናወራበት ቴሌግራም ምስጢር ነው አይደል?

ኮድ ቆጣሪ፦ አይደለም፣ ጋሼ። ቴሌግራም ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው ሁለት ሰው «ሚስጥራዊ ቻት» ብሎ ሲከፍት ብቻ ነው። ግሩፕ በጭራሽ እንዲህ አይመሰጠርም። ባለቤቱ ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፓሪስ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ እንደሚሰጥ አሳውቋል።

የማልሞዋ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይህን ሁሉ ስለ ምስጠራ የሰበካችሁኝ ባልተመሰጠረ ግሩፕ ነው? የእኛ የስዊድን ጦር በ2025 ወታደሮቹን ለተራ ጉዳይ ሲግናል ተጠቀሙ ብሏል። ወታደር ከእናንተ ይሻላል።

አወያይ፦ ተያዝን። ስለ መዛወሩ ለብቻው እንመክራለን፤ ሰው ሁሉ ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ቀላል አይሆንም።

ለጊዜው ይህን ያዙ። ኩባንያዎች በፈቃዳቸው እንዲፈትሹ የፈቀደው ጊዜያዊ ሕግ የተራዘመው እስከ ኤፕሪል 3 ቀን 2026 ነበር። አምባሳደሮቹ የተስማሙበት ጽሑፍ ፈቃዱን ቋሚ ያደርገዋል። ተቺዎች የሚፈሩት ኩባንያዎቹ «አደጋን ለመቀነስ የሚቻለውን ሁሉ» እንዲያደርጉ የሚጠይቀውን ክፍል ነው፤ ግዴታው በጓሮ በር ይመለሳል ይላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት ያላችሁ ለፓርላማ ተወካያችሁ ጻፉ። የምትደግፉም ጻፉ፣ የማልሞዋ አንቺም።

የማልሞዋ፦ ጽፌያለሁ። ከእናንተ በፊት።