የሰፈራችን ፕሮፖዛል፦ ምን እንጻፍ፣ ምን እንተው?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በእሁዱ ስብሰባ እንደተስማማነው ሰፈራችን እንዲሻሻል የምንጠይቅበትን ረቂቅ እዚሁ እየተነጋገርን እናስተካክለው። ለጅማ ከተማ አስተዳደር ግንቦት ሳያልቅ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላማ ክረምቱ ቀድሞን ይገባል። እስካሁን የጻፍኩት መግቢያ ይህ ነው፦

«ሰፈራችን አዌቱ ወንዝ ዳር የሚገኝ፣ ቦዩ የተደፈነ፣ ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ ነዋሪው በወባ፣ በተቅማጥና በሳል የሚሰቃይ ችግረኛ ሰፈር ነው።»

ከሥሩ ልጆቹ ቦዩ ውስጥ ሲጫወቱ የተነሳው ፎቶ ይገባል። ምን ትላላችሁ?

የወጣቶች ተወካይ፦ እህቴ፣ ፎቶው ይቅር። እኔ ባጃጅ ስነዳ ተሳፋሪ «ሰፈርህ የት ነው?» ሲለኝ የራሴን ሰፈር ደብቄ «አጂፕ አካባቢ» ነው የምለው። እንደኔ የሚል ብዙ ነው። የቅጥር ፎርም ላይ የአክስቱን አድራሻ የሚሞላ ጓደኛም አለኝ። ስማችን አንዴ የሌባና የቆሻሻ ሰፈር ተብሎ ወጥቷል። አሁን ደግሞ ራሳችን ማኅተም መትተን ልናጸድቅላቸው ነው? እነዚያ ልጆች ነገ አድገው ፎቶውን ያዩታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በጀት የሚፈቅደው ሰውዬ በቀን ስንት ወረቀት ነው የሚያየው? ጉዳታችን ካልታየው ገልብጦ ያልፈዋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ ስለ ፎቶው እመለስበታለሁ። መጀመሪያ መግቢያው ላይ ያሉት በሽታዎች ይለዩ። ወባን ከቦዩ ጋር አታገናኙት። የወባ ትንኝ ብዙውን ጊዜ የምትራባው በቆሸሸ ፍሳሽ ውስጥ አይደለም፤ ፀሐይ በሚመታው፣ ጠራ ባለ ኩሬ ነው። የከብት ኮቴ ላይ የቀረ ውሃ ይበቃታል። ለጡብ ሲባል አፈር ተቆፍሮበት ሳይሞላ የተተወ ጉድጓድ ደግሞ ምርጥ ቦታዋ ነው። በቅርብ ዓመታት አገራችን የገባ፣ ከተማ ውስጥ በርሜልና ታንከር ላይ የሚራባ ሌላ ዝርያም አለ። ስለዚህ ቦዩ ይጠረግ የምንለው ለተቅማጡና ለጎርፉ ነው። ለወባው ጉድጓዶቹ ይሞሉ፣ በርሜል ይከደን፣ አጎበር ይሰጥ እንበል። ይህን ሳንለይ ከሄድን ጤና ቢሮ ያለ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ አያልፍም።

ሳሉ ከቤት ውስጥ ነው። መስኮት የሌለው አንድ ክፍል አለ፣ እዚያው ከሰልና እንጨት ይነዳል፣ እናትየዋ ሕፃኑን አዝላ ትሠራለች። ጢሱ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ብዙ ሰው ተፋፍጎ የሚተኛበት፣ አየር የማይገባው ክፍል ለቲቢም ይመቻል። «መስኮት ክፈቱ» ብዬ እንዳልመክር ቤቱ የቀበሌ ነው። ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይነካም። እኔ ምክር ይዤ እሄዳለሁ፣ ምክሩን ግን ቤቱ አያሠራውም።

ረቂቁ ላይ ጭራሽ ያልገባው የደም ግፊትና የስኳር ነገር ነው። እዚህ ሰፈር ያላችሁ እናቶች «ሐሳብ ነው የጨረሰኝ» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ዛሬ ሌሊት ጎርፍ ይገባ ይሆን? ኪራይ ይጨመር ይሆን? ቤቱ ይፈርሳል የሚሉት ወሬ እውነት ይሆን? እንዲህ ያለ ሥጋት ፋታ ሲያጣ ሰውነት ኮርቲሶልና ሌሎች የጭንቀት ሆርሞኖችን እያመረተ ይቀጥላል። እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ስኳርም ይዛባል። ሰፈርን መደበቅም ከዚሁ ጭንቀት ይቆጠራል። ካርድ ክፍል አድራሻዋን መናገር አፍራ ሕክምና የምታዘገይ ሴት አውቃለሁ። ስለዚህ ባጃጁ ላይ የሚሆነው ነገር የጤና ጉዳይ ነው። ፎቶው ላይ ከወጣቶቹ ጋር ነኝ።

መምህር (ጡረታ ላይ ያሉ)፦ ልጄ ጥሩ ገለጽሽው። አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 2008 የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት ስለ ስኮትላንዷ ግላስጎ የተጻፈ አለ። ካልተን በሚባለው የድሃ ሰፈር የተወለደ ወንድ ልጅ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ዕድሜ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ በምትገኘው ሌንዚ ከተወለደው በ28 ዓመት ያንስ ነበር። ያ ሀብታም አገር ነው፣ ሐኪም ቤት ሞልቶታል።

አሜሪካኖች ደግሞ ከ1994 ጀምሮ በአምስት ከተሞች ሙከራ አደረጉ። በጣም ድሃ ሰፈር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ዕጣ ለደረሳቸው ወደ ተሻለ ሰፈር መሄጃ የቤት ኪራይ ድጋፍ ሰጧቸው። ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ሲለኩ፣ ዕጣው የደረሳቸው ሴቶች ላይ ከባድ ውፍረትና የስኳር በሽታ ቀንሶ ተገኘ። የሚገርመው የአዋቂዎቹ ገቢ ያን ያህል አልተለወጠም። ሰፈሩ ብቻውን ይህን አደረገ። ይህ ቢገባ ለፕሮፖዛሉ ክብደት ይሰጠዋል።

እናት (ቡና ለቃሚ፣ ልጇ እየጻፈላት)፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ይሄን ጽፋችሁ «ይነሱ» እንዳይሉን። እኔ ከዚህ አልነሳም። ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እዚሁ ያሉት ናቸው። መጋዘን ቡና ስለቅም ስውል ልጆቼን የምታይልኝ ጎረቤቴ ናት፣ ብር አልከፍላትም። አዲስ አበባ እህቴን ኮንዶሚኒየም ወሰዷት። ቤቱ ያምራል። ዕድሯ ቀረ፣ ጉልቷም ቀረ። ጠላ ቤት ይበዛል፣ ሌባ አለ የምትሉት እውነት ነው፣ ግን የሚያጎርሰኝም እዚሁ ነው። የደም ግፊት ልትለኩን ከመጣችሁ ማታ ኑ። ቀን የለሁም፤ ቀን ከቀረሁ የቀን ሒሳቤ ይቀራል።

መምህር፦ ልክ ነሽ እታለም። እንግዲያው «ሰዎቹን አታንሱ፣ ሰፈሩን አሻሽሉ» ብለን በግልጽ እንጻፈው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ተደንግጓል። በሱ እንጀምር። ያኔ ልመና አይመስልም።

ሐጂ (የዕድር ዳኛ)፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ሁለት ነገር። ለአስተዳደሩ የሚገባው በአፋን ኦሮሞ ነውና ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ ከልጄ ጋር እናዘጋጀዋለን። ሁለተኛ፣ እንዲሠራልን የምንጠይቀው የጋራ ሽንት ቤት የታሰበበት ቦታ ቦቴ አይገባበትም። መንገዱ ለባጃጅ እንኳ ይጠባል። ሲሞላ በምን ይመጠጣል? ወደ ዋናው መንገድ ይውጣ። ለግፊቱ ልኬት የዕድሩን ድንኳንና ወንበር እንሰጣለን። ዕድር ለቀብር ብቻ ነው ያለ የለም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦ ሐጂ ይባርክዎ። ልኬቱ በየወሩ የዕድር ስብሰባ ማታ ይሁን። ግፊቱ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአንድ ልኬት ብቻ በሽተኛ አይባልም። ሌላ ቀን ደግመን ለክተን ወደ ጤና ጣቢያ እንልካለን። እዚያው የጤና መድህን ካርድ ያላሳደሰውን እንመዘግባለን። መክፈል የማይችለውን መንግሥት ስለሚከፍልለት ስሙ በጊዜ ይተላለፍ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ተማሪዎቹን ወደ ነዋሪው ይልካልና በልኬቱ እንዲያግዙን እንጠይቅ። ውጤቱንም ድንኳኑ ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ቢነግሩ ጥሩ ነው።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ መግቢያውን ቀየርኩት፦

«እኛ አዌቱ ወንዝ ዳር የምንኖር ነዋሪዎች በሰፈራችን እየኖርን በጤና የመኖር መብታችን እንዲከበር እንጠይቃለን። እኛ ጉልበታችንን፣ ድንኳናችንንና የጥበቃ ኮሚቴያችንን እናቀርባለን። ከአስተዳደሩ የምንፈልገው ለቀበሌ ቤቶች መስኮት የመክፈት ፈቃድ፣ የቦይ ግንባታ፣ የጡብ ጉድጓዶቹን መሙላት፣ በዋናው መንገድ በኩል ደግሞ የጋራ ሽንት ቤት ነው።»

የመስኮቱ ምንም በጀት አይጠይቅም፣ ፊርማ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ተራ ላይ ያደረግኩት ለዚህ ነው። የግላስጎውን አስገብቻለሁ። የአሜሪካኑን ግን እታለም ባለችው ምክንያት ትቼዋለሁ፤ መምህር ይቅር ይበሉኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፎቶ ጭራሽ የለም ማለት ነው?

የወጣቶች ተወካይ፦ አለ። ባለፈው ክረምት ጎርፉ የቆመበት ምልክት ግድግዳው ላይ እስካሁን አለ። ሜትር አስደግፈን እናነሳዋለን። ሰው አይታይበትም፣ ጉዳቱ ግን ይታያል። ቅዳሜ ጠዋት ቦዩን የሚቆፍሩት ልጆችም ከፈለጉ ይነሳሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ይሻላል፣ ተስማምቻለሁ። ሜትሩ ቁጥሩ እንዲነበብ አቅርባችሁ አንሱት። አሁን የቀረን ፕሮፎርማ ነው፣ ከሦስት ቦታ ይጠይቃሉ። የሲሚንቶውንና የቱቦውን እኔ አመጣለሁ። የአሸዋውን ማን ይይዛል?

ሐጂ፦ አሸዋውን ለእኔ ተዉት።